ስልካችሁ ላይ ያለው አንድ ቁጥር የማይነግራችሁ ነገር፦ የማርች በረዶ ትንበያ ለምን "ይሳሳታል"?

ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ፊላደልፊያ ወይም ኒውዮርክ የምትኖሩ ይህቺን ነገር በደንብ ታውቋታላችሁ። ዊንተሩ አለቀ ስንል፣ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ወይም ማርች ላይ ስልካችን "ማክሰኞ 12 ኢንች ስኖው" ይላል። ሱቅ ውስጥ ዳቦና ወተት ያልቃል። ትምህርት ቤት ይዘጋል። አለቃ ቴክስት ያደርጋል፦ "ነገ አትምጣ"። ማክሰኞ ጠዋት መጋረጃው ሲገለጥ መንገዱ ረጥቧል፣ ስኖው ግን የለም። ከዚያ ሁሉም ሰው ያቺኑ ቀልድ ይደግማታል፦ "በየቀኑ እየተሳሳቱ ደመወዝ የሚከፈላቸው እነዚህ ብቻ ናቸው!"

ቀልዱ ያስቃል። ግን አንድ ነገር ይደብቃል። ብዙ ጊዜ ባለሙያዎቹ እርግጠኛ አለመሆናቸውን ያውቃሉ፤ በጽሑፍም ያስቀምጡታል። እነሱ የሚያውቁት "ከዚህ እስከዚህ ሊሆን ይችላል" የሚል ነው። ወደ እናንተ ስልክ የሚደርሰው ግን አንድ ቁጥርና አንዲት የበረዶ ምልክት ናት። መሃል ላይ የጠፋው ነገር ነው ዋጋ የሚያስከፍለን። በተለይ ደግሞ በሰዓት የሚከፈለውን ሰው።

ጉዳዩን በአንድ እውነተኛ ታሪክ እንየው።

🔹 ማርች 14, 2017፦ 24 ኢንች የተባለው 7.6 ሆነ

ቀኑ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 5, 2009 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ትንበያ አገልግሎት፣ ማለትም ናሽናል ዌዘር ሰርቪስ፣ ለኒውዮርክ ከተማ የብሊዛርድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ከ18 እስከ 24 ኢንች (ከ46 እስከ 61 ሴንቲ ሜትር) ስኖው ይጠበቃል ተባለ። የግዛቱ አስተዳደር የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ። የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከመሬት በላይ የሚሄዱት የሰብዌይ መስመሮች ቆሙ። በሺዎች የሚቆጠሩ በረራዎች ተሰረዙ።

ሴንትራል ፓርክ ላይ የተለካው 7.6 ኢንች (19 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ነበር። ከተባለው ግማሽ እንኳ አልሞላም። የብሊዛርድ ማስጠንቀቂያውም ማክሰኞ ጠዋት ተነሳ።

ማዕበሉ ግን ውሸት አልነበረም። ከኒውዮርክ ከተማ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ርቃ የምትገኘው ቢንጋምተን ከ30 ኢንች በላይ ስኖው ወርዶባት ተቀብራለች። ዲሲ ላይ ደግሞ አብዛኛው ስሊት ሆኖ ወረደ። ቀጥሎ የመጣው ቅዝቃዜ ታይዳል ቤዚን ዙሪያ ያሉትን የቼሪ አበቦች ግማሽ ያህል አቃጠላቸው።

ማለትም ማዕበሉ በተባለው ቀን መጥቷል፣ በተባለው ጉልበትም መጥቷል። የሳተው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስኖው የሚያበቃበትና ስሊት የሚጀምርበት መስመር።

🔹 ሁሉን የምትወስን ቀጭን መስመር

የነገሩ አሠራር እንዲህ ነው። በዚህ ወቅት ከካናዳ በኩል ቀዝቃዛ አየር ይወርዳል። ከኖርዝ ካሮላይና ዳርቻ ወጣ ብሎ ደግሞ ገልፍ ስትሪም የሚባለው ሞቃት የባሕር ጅረት አለ። ቀዝቃዛውና ሞቃቱ እዚያ ሲገናኙ ዝቅተኛ የአየር ግፊት ይፈጠርና የባሕሩን ዳርቻ ይዞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛል። ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚመታ "ኖርኢስተር" ይሉታል።

ይህ ማዕበል የሚሄድበት መንገድ ከ50 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ፣ ማለትም ወደ የብስ፣ ከተጠጋ ከባሕሩ በላይ ያለውን ሞቃት አየር ከተሞቹ ላይ ይስበዋል። ወደ ምሥራቅ ከራቀ ደግሞ ዝናቡም ስኖውም ባሕር ላይ ይቀራል። ከሦስት ቀን በፊት ለተሠራ ትንበያ 80 ኪሎ ሜትር ምንም አይደለም፤ ጥሩ ትንበያ ነው። ዲሲ፣ ባልቲሞር፣ ፊላደልፊያና ኒውዮርክ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያችው መስመር ላይ ተደርድረው ይገኛሉ።

ሁለተኛው ችግር ከላይ ነው። ስኖው ከደመናው ሲነሳ ስኖው ነው። ሲወርድ ግን ሁለት ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ከዜሮ ዲግሪ በላይ የሆነ ስስ የአየር ንብርብር ካገኘ ይቀልጣል። ከዚያ በታች ያለው ብርድ እንደገና ያጠነክረዋል። መሬት ሲደርስ እንደ ጠጠር የሚነጥር ስሊት ይሆናል። ይህን ንብርብር መሬት ላይ ቆሞ ማየት አይቻልም። ፊኛ ወደ ሰማይ ልኮ መለካት ያስፈልጋል።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ያስደነግጣል። 1 ኢንች ውሃ ብርዱ ደህና ከሆነ 10 ኢንች ያህል ስኖው ይሆናል። እርጥብ የማርች ስኖው ከሆነ ግን ወደ 5 ወይም 7 ይወርዳል። ስሊት ከሆነ 2 ወይም 3 ኢንች ብቻ ነው። ደመናው ያው፣ ውሃው ያው፤ ውጤቱ ግን ሰማይና ምድር።

ሦስተኛው የማርች ፀሐይ ናት። በማርች አጋማሽ የፀሐይዋ ከፍታ ከሴፕቴምበር መጨረሻ ጋር እኩል ነው። በደመና ውስጥም ቢሆን አስፋልቱን ታሞቀዋለች። ስኖው ቀን ላይ ቀስ እያለ ከወረደ ሳሩ ላይ ይከመራል፣ መንገዱ ላይ ግን ውሃ ይሆናል። ያው ስኖው ሌሊት በኃይል ቢወርድ መንገዱንም ይዘጋዋል። ስለዚህ "ስንት ኢንች?" ብቻ ሳይሆን "በስንት ሰዓት?" የሚለውም ጥያቄ ነው።

🔹 በአማርኛ ሁሉም "በረዶ" ነው

እዚህ ላይ የእኛ የራሳችን ችግር ይመጣል። ስኖውም በረዶ ነው። ስሊትም በረዶ ነው። አዲስ አበባ ላይ በሐምሌ ጣሪያ የሚደበድበውም በረዶ ነው። መንገድ ላይ መስታወት መስሎ የሚጋገረውም በረዶ ነው። ቋንቋችን ጥፋት የለበትም፤ ያደገበት አገር ይህን ሁሉ መለየት አላስፈለገውም። ክረምት ራሱ ለእኛ የዝናብ ወቅት ነው።

ግን እናታችሁ ደውላ "ነገ በረዶ አለ አሉ" ስትል የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስኖው አካፋ ያስፈልገዋል። ስሊት ጎማ ያንሸራትታል። ከሁሉም የሚከፋው ፍሪዚንግ ሬይን የሚባለው ነው። ዝናብ ሆኖ ይወርድና መሬት ሲነካ ይጋገራል፣ ዛፍና የመብራት ሽቦ ይሰብራል። ቁጥሩ ግማሽ ኢንች እንኳ ሳይሞላ ከ6 ኢንች ስኖው የበለጠ ሊጎዳ ይችላል።

ናሽናል ዌዘር ሰርቪስ በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ማስጠንቀቂያ መተርጎም ሲጀምር የመረጣቸው ቋንቋዎች ስፓኒሽ፣ ቻይንኛ፣ ቬትናምኛ፣ ፈረንሳይኛና ሳሞአኛ ነበሩ። አማርኛ አልነበረበትም። በአንጻሩ የዲሲ ከተማ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛ ከስድስቱ የአገልግሎት ቋንቋዎች አንዱ ነው። የዌዘር ሰርቪሱ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሐበሻ ምግብ ቤት በበዛበት ሰፈር ማለት ነው። ማስጠንቀቂያው ከእኛ ጎረቤት ይወጣል፣ በእኛ ቋንቋ ግን አይወጣም።

🔹 ታዲያ እያወቁ ለምን ቁጥሩን አልቀነሱም?

ወደ 2017 እንመለስ። ማዕበሉ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ማርች 13 ከሰዓት በኋላ፣ አንዳንድ የአጭር ጊዜ ሞዴሎች ለኒውዮርክና ለአካባቢው ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ ጀምረው ነበር። የዌዘር ሰርቪሱ ባለሙያዎች በኮንፈረንስ ኮል ተነጋገሩ። ትንበያውን ብዙም ላለመቀነስ ወሰኑ። ይህን ራሳቸው በማግሥቱ ለጋዜጠኞች ተናግረዋል። ምክንያታቸው ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ሌሎቹ ሞዴሎች አሁንም ከፍተኛ ቁጥር ያሳዩ ነበር። ሁለተኛ፣ በመጨረሻ ሰዓት ቁጥሩን ብንጥለው ሕዝቡ ግራ ይጋባል፣ አደጋው ያለፈ ይመስለዋል ብለው ሰጉ።

ውሳኔው ብዙ ትችት አስነሳ። የወቅቱ የኒው ጀርሲ ገዥ ክሪስ ክሪስቲ ዌዘር ሰርቪሱን በአደባባይ ነቅፈዋል።

ፍትሐዊ እንሁን። ስጋታቸው ከባዶ የመጣ አይደለም። ዛሬ 20፣ ነገ 6፣ ማታ ደግሞ 15 የሚል ትንበያን ማንም አይሰማም። በዚያ ላይ ብሊዛርድ የሚባለው በስኖው ብዛት ብቻ አይደለም። ለ3 ሰዓት ያህል በሰዓት 35 ማይል (56 ኪሎ ሜትር) የሚደርስ ነፋስና ከሩብ ማይል በታች እይታ ሲኖር ነው።

ግን ሦስተኛ መንገድ ነበር። "ከፍተኛው ቁጥር አሁንም ይቻላል፣ ስሊት ከገባ ግን ከግማሽ በታች ይሆናል፣ ይህን የምናውቀው ሌሊት ነው" ማለት ይቻል ነበር። ሰው ይህን ይረዳል። አውቶቡስ "ከ10 እስከ 25 ደቂቃ" ሲባል የሚረዳ ሰው "ከ4 እስከ 20 ኢንች" ሲባል ለምን አይረዳም? ሰዎችን የሚያስቆጣው እርግጠኛ አለመሆን አይደለም። እርግጠኛ ሳይሆኑ እርግጠኛ መስሎ መታየት ነው።

🔹 ከፍ አድርጎ መሳሳትና ዝቅ አድርጎ መሳሳት እኩል አይደሉም

ባለሙያዎቹ ለምን ወደ ላይ እንደሚያደሉ ለመረዳት ጃንዋሪ 2022ን አስታውሱ። ቨርጂኒያ ውስጥ ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ አይ-95 ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ መኪኖች ተቆልፈው አደሩ። አንዳንዱ ከ24 ሰዓት በላይ ቆየ። ሴናተር ቲም ኬን ሳይቀሩ ወደ 27 ሰዓት መንገድ ላይ ነበሩ። መጀመሪያ ዝናብ ስለዘነበ መንገዱ አስቀድሞ ጨው አልተረጨበትም። ከዚያ ስኖው በኃይል ወረደ። ያንን ሌሊት ከልጅ ጋር መኪና ውስጥ ማሳለፍ ትምህርት ቤት በከንቱ ከመዘጋቱ ጋር አይወዳደርም።

ወደ ኋላ ስንሄድ ደግሞ ትንበያው የሠራበት ትልቅ ምሳሌ አለ። በማርች 1993 አጋማሽ የመጣው "የክፍለ ዘመኑ ማዕበል" የሚባለው ነው። ዌዘር ሰርቪሱ አምስት ቀን ያህል ቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። ለዚያ ዘመን ኮምፒውተር ተአምር ነው። ገዥዎች ስኖው ሳይወርድ የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ። እንዲያም ሆኖ ፍሎሪዳ ላይ የተነሳውን የባሕር ውሃ ብዙ ሰው አልጠበቀውም፤ ሰዎች ሞቱበት። በማርች 1962ም የባሕር ዳሩ ማዕበል በተከታታይ አምስት የባሕር ሙላት ውሃውን ወደ የብስ ገፍቶ 40 ያህል ሰው ገድሏል። ስኖው ቀረ ማለት አደጋው ቀረ ማለት አይደለም።

ግን ሌላም ዋጋ አለ። ማርች 6, 2013 ዲሲ ላይ ከ5 ኢንች በላይ ይጠበቃል ተብሎ የፌዴራል መንግሥቱ ቢሮዎች ተዘጉ። ሬገን ኤርፖርት ላይ 1 ኢንች እንኳ አልሞላም። ወደ ምዕራብ ቨርጂኒያ ተራሮች ላይ ግን ከአንድ ጫማ በላይ ወረደ። ያኔ በጀት የመቁረጡ "ሲኩዌስተር" ወሬ ስለነበር ሕዝቡ "ስኖውኩዌስተር" ብሎ ተሳለቀበት። እንዲህ ያለው ቀን ሲደጋገም ሰው ማመን ያቆማል። እረኛው "ጅብ! ጅብ!" እያለ ሲቀልድ ኖሮ ጅቡ የመጣ ቀን ማን ደረሰለት?

🔹 ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?

የፌዴራል ቢሮ ሲዘጋ ቋሚ ሠራተኛው ከቤቱ ይሠራል ወይም ደመወዙ አይነካም። ሕንፃው ሥር ፓርኪንግ የሚሠራው ልጅስ? ካፌው ውስጥ ያለችው ልጅስ? ኡበርና ታክሲ የሚነዳውስ? ቢሮ ተዘጋ ማለት ለእነሱ የአንድ ቀን ገቢ ቀረ ማለት ነው። ዘንድሮ ለአገር ቤት የሚላከው ገንዘብ፣ የቤት ኪራዩ፣ ሁሉም ከዚያው ቀን ላይ ነው የሚቆረጠው።

በተቃራኒው ደግሞ ሆስፒታልና የአረጋውያን መጦሪያ ስኖው ብሎ አይዘጋም። እዚያ የሚሠሩ እህቶቻችን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ መኪና ያስነሳሉ። ለእነሱ ዝቅ ተደርጎ የተነገረ ትንበያ የሕይወት ጉዳይ ነው። አንዱ ከፍ ሲል ይጎዳል፣ ሌላው ዝቅ ሲል። አንድ ቁጥር ሁለቱንም ሊያገለግል አይችልም። ለዚህ ነው ሙሉው መረጃ፣ ከነጥርጣሬው፣ ለሁሉም መድረስ ያለበት። ከዚያ እያንዳንዱ እንደ ሥራው ይወስናል።

🔹 የአካባቢው ቢሮ ራሱ ጉዳይ ላይ ነው

ዌዘር ሰርቪሱ በመላው አሜሪካ 122 የአካባቢ ትንበያ ቢሮዎች አሉት። የዲሲና ባልቲሞሩ ቨርጂኒያ ስተርሊንግ ውስጥ፣ ደለስ ኤርፖርት አጠገብ ነው። የኒውዮርኩ ሎንግ አይላንድ ላይ አፕተን ነው። አፑ የማያውቀውን እነዚህ ሰዎች ያውቃሉ። ፖቶማክ ዳር ያለው ሬገን ዝናብ ሲሆን ደለስ ስኖው እንደሚሆን፣ የትኛው ሞዴል በየትኛው ነፋስ እንደሚያስት፣ ለዓመታት እያዩ የለመዱት ነው።

በ2025 መጀመሪያ በፌዴራል መንግሥቱ የሠራተኛ ቅነሳ ዌዘር ሰርቪሱ ከ500 በላይ ሠራተኞች አጣ። በኋላ መልሶ እንዲቀጥር ቢፈቀድለትም፣ አንዳንድ ቢሮዎች በሰው እጥረት በቀን ሁለት ጊዜ የሚልኩትን ፊኛ ቀነሱ። አልባኒ ኒውዮርክና ግሬይ ሜይን ከእነዚህ ውስጥ ነበሩ። አላስካ ውስጥ ኮትዘቡ ላይ ደግሞ ጭራሽ ቆመ። ያንን ስስ ሞቃት ንብርብር የሚለካው ፊኛ መሆኑን አትርሱ። ወደ እኛ የሚመጣው ብርድም ብዙ ጊዜ በምዕራብና በሰሜን በኩል አልፎ ነው የሚመጣው። እዚያ ያልተለካ አየር እዚህ ትንበያ ላይ ጥርጣሬ ይጨምራል። በትንበያው የሚቀልድ ሁሉ ትንበያውን የሚያሻሽለው መሣሪያ ሲቀነስ ዝም ካለ፣ ቀልዱ በራሱ ላይ ነው የሚዞረው።

🔹 ታዲያ ምን እናድርግ? በስልካችሁ፣ በ5 ደቂቃ

✅ ከሦስት ቀን በፊት የሚወጣ የኢንች ቁጥርን አትመኑ። ያኔ ማመን የሚቻለው "ማዕበል ሊመጣ ይችላል" የሚለውን ብቻ ነው። በፌስቡክና በቲክቶክ የሚዞሩት ባለ 30 ኢንች ካርታዎች አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሞዴል የአንድ ጊዜ ውጤት ናቸው፤ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት አስቡ።

✅ ዌዘር ዶት ገቭ ላይ ገብታችሁ ዚፕ ኮዳችሁን ጻፉ። ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም።

✅ እዚያው የአካባቢያችሁ ቢሮ ገጽ ላይ ሦስት የስኖው ካርታዎች ፈልጉ፦ የሚጠበቀው፣ ዝቅተኛውና ከፍተኛው። ዝቅተኛው ማለት ከዚያ በላይ የመውረድ ዕድሉ ከ10 ዘጠኝ ነው። ከፍተኛው ማለት ከዚያ በላይ የመውረድ ዕድሉ ከ10 አንድ ነው። ሁለቱ ከተቀራረቡ ትንበያው ጠንካራ ነው። 1 እና 14 ከሆኑ ግን ባለሙያዎቹ ራሳቸው እርግጠኛ አይደሉም ማለት ነው፤ እናንተም ለሁለቱም ተዘጋጁ።

✅ "ዎች" እና "ዋርኒንግ" ይለያያሉ። ዎች ሊሆን ይችላልና ተዘጋጁ ነው። ዋርኒንግ እየመጣ ነው ወይም ጀምሯል ነው።

✅ "ፎርካስት ዲስከሽን" የሚለውን ጽሑፍ አንብቡ። ባለሙያው ምን እንዳሳሰበው በግልጽ የሚጽፈው እዚያ ነው። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ በስልካችሁ ተርጉሙት፤ ግን ስኖው፣ ስሊትና ፍሪዚንግ ሬይን የሚሉትን ቃላት እንዳሉ ተዉአቸው። ተርጓሚው ሁሉንም "በረዶ" ሊላችሁ ይችላል።

✅ የመጨረሻውን ውሳኔ ለማታው ትንበያ ተዉት። የማርች ማዕበል መልኩን የሚገልጠው በመጨረሻዎቹ 12 ሰዓታት ውስጥ ነው።

✅ እንግሊዝኛ የማያነቡ ወላጆችና ጎረቤቶች ካሏችሁ ቁጥሩን ብቻ አትንገሯቸው። "ከ2 እስከ 10 ኢንች፣ ምናልባት ስሊት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ" ብላችሁ በድምፅ ላኩላቸው። ዌዘር ሰርቪሱ በአማርኛ እስኪጽፍ ድረስ የሰፈሩ ትንበያ ቢሮ እናንተ ናችሁ።

ይህን ጽሑፍ ሌሊት ሽፍት ለሚገባ ሰው አድርሱት።